ምርጫው የተጫዋቹ፣ እንጀራው የማን?

«ጌም መጻፍ ነው የምፈልገው» ያለ ልጅ ከቤተሰቡ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «እሱ ደግሞ እንጀራ ይሆናል?» የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነው ብሎ መናቅ አያዋጣም። በካሊፎርኒያም ሆነ በለንደን ስማቸው የተከበረ የጌም ጸሐፍት ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህንኑ ሲጠያየቁ ከርመዋል። ቤተሰብ ሙያው ሳይጀመር ይጠይቃል፤ እነሱ የሥራ ስንብት ደብዳቤ ከደረሳቸው በኋላ ጠየቁ። የሙያውን ታሪክ፣ አሠራርና ገበያ ለሚቃኝ ሰው ደጋግሞ የሚገጥመው ነገር ጥሩ ሐሳብ ያለው ሰው ሞልቶ መትረፉ ነው። የሚጠፋው ትንሽ ነገር ጀምሮ የሚጨርስ፣ የጨረሰውንም በስሙ የሚያስቀር ነው።

ሙያው በይነተገናኝ ተረክ ይባላል፤ አንባቢው፣ ተመልካቹ ወይም ተጫዋቹ በሚወስደው ውሳኔ አካሄዱ የሚለዋወጥ ታሪክ መጻፍና መንደፍ ማለት ነው። ትልቁ ቤቱ ቪዲዮ ጌም ቢሆንም መጽሐፍም፣ ፊልምም፣ የስልክ መስመርም ያስተናግዱታል። (የአገራችን አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን ናቸው።)

አወላለዱ ደስ ይላል። ዊል ክራውዘር ዋሻ ውስጥ መዞር የሚወድ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ከሚስቱ ከተለያየ በኋላ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለሴት ልጆቹ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ የዋሻ ጉዞ ሠራ፤ በ1977 ዶን ዉድስ የተባለ ሌላ ባለሙያ አሰፋው፤ ለኮምፒውተር ጌም ተረክም መሠረት ሆነ። በመጽሐፉ በኩል ደግሞ ኤድዋርድ ፓካርድ የተባለ ጠበቃ ማታ ማታ ለሴት ልጆቹ ተረት ሲያወራ ሐሳብ አለቀበትና «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያች ጥያቄ የወጣው አንባቢው ራሱ መንገዱን የሚመርጥበት ተከታታይ መጽሐፍ ከ1979 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በ1980 ሮበርታ ዊልያምስ «ሚስትሪ ሃውስ»ን ስትነድፍ ባሏ ኬን ፕሮግራሙን ጻፈላት፤ ሥዕል ያለው የኮምፒውተር ተረክ በዚያ ተጀመረ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከቤት የወጣ ነው። ኢንዱስትሪ የሆነው ኋላ ነው።

ምርጫ ሲባል ለጀማሪ ጸሐፊ ቀድሞ የሚታየው መንገድ መክፈል ነው፤ ግራ ከሄደ ይህ፣ ቀኝ ከሄደ ያ። ሒሳቡ ወዲያው ያፈርሰዋል። ሁለት ሁለት አማራጭ ያላቸው አሥር ውሳኔዎች ቢከታተሉና እያንዳንዳቸው መንገዱን ለሁለት ቢከፍሉት፣ ጸሐፊው 1,024 መጨረሻ ይጠበቅበታል። ሳም ካቦ አሽዌል በ2015 ባወጣው፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ዛሬም በሚጠቀስ ጽሑፍ፣ ይህን ቅርጽ «የጊዜ ዋሻ» ይለዋል፤ ስያሜው ከፓካርድ ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ ርዕስ የመጣ ነው። የጊዜ ዋሻ ውስጥ የጸሐፊው ድካም አብዛኛው ሳይነበብ ይቀራል። ስለዚህ ሙያተኞች መንገዱ ተከፍሎ ተመልሶ የሚገናኝበትን ቅርጽ ይመርጣሉ። እዚህ ላይ ጭንቁ ታሪኩ የሆነውን እንዲያስታውስ ማድረግ ነው።

እንዲህ እንበል። ባለታሪኩ አንድ የሰፈር ወጣት ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ጎረቤቱ እማማ ዘነቡ ደጅ ድንኳን ተተክሏል፤ እሱ ደግሞ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለበት። ይግባ ወይስ ይለፍ? በሁለቱም መንገድ ቃለ መጠይቁ ጋ ይደርሳል፤ በአንዱ አርፍዶ፣ በአንዱ በሰዓቱ። ታሪኩ አልተከፈለም። ፕሮግራሙ ውስጥ «ለቅሶ ደርሷል» ከሚል ምልክት ትይዩ «አዎ» ወይም «አይ» ተመዝግቧል፤ ሌላ የለም። ከሦስት ምዕራፍ በኋላ የወጣቱ አባት ሲሞቱ ያ ምልክት ይጠየቃል። ከጎረቤት ንፍሮ ይመጣል? ወንበሩና ድንኳኑ በጊዜ ይደርሳል? እማማ ዘነቡ ገብተው አጠገቡ ቁጭ ይላሉ ወይስ ከበር ላይ «እግዜር ያጥናህ» ብለው ይመለሳሉ? ጸሐፊው አንድ ትዕይንት ጽፎ አራት ዓረፍተ ነገር ነው የለዋወጠው። ተጫዋቹ ግን ያን ጠዋት ያለፈው እሱ ራሱ ነው። በልቦለድ ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሲያጠፋ አንባቢ ያዝናል ወይም ይፈርዳል፤ እዚህ ያፍራል። ሙያው ከልቦለድም ከፊልምም የሚለየው በዚህች እፍረት ይመስለኛል።

ይህን ሚዛን ይዘን ብዙ የተወራለትን «ባንደርስናች» ብናየው ይቀልብናል። ኔትፍሊክስ በ2018 መጨረሻ ያወጣው ይህ ፊልም ከአምስት ሰዓት በላይ የሚረዝም ቀረጻ ያለው ሲሆን፣ ተመልካቹን መጀመሪያ የሚያስመርጠው ባለታሪኩ ለቁርሱ የትኛውን የታሸገ እህል እንደሚበላ ነበር። መለማመጃ መሆኑ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙዎቹ ምርጫዎች ተመልካቹን ዋጋ አላስከፈሉትም፤ የማይሆን መንገድ ሲይዝ ፊልሙ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ያስመርጠዋል። ኔትፍሊክስ በ2024 መጨረሻ መሰል ሥራዎቹን ከሞላ ጎደል ሁሉንም አነሳ፤ «ባንደርስናች»ም በግንቦት 2025 ተከተለ። ይህን ለመጻፍ የለፉ ሰዎች ሥራቸውን ዛሬ «ይኸው» ብለው የሚያሳዩበት ቦታ የለም።

ከዚህ ጋር ሳስተያየው እንቆቅልሻችን ይበልጥብኛል። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ይባልና መልሱ ከጠፋ «አገር ስጠኝ» ይመጣል። ጎንደር ይሰጣል፤ ካልበቃ ሐረር ይጨመራል። የተሳሳተው ከጨዋታው አይባረርም፤ ይከፍላል፣ ጠያቂው በተሰጠው አገር ላይ ይንጎማለላል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። (በየመድረኩ «ተረታችን ሀብታችን ነው» ተብሎ ሲያበቃ፣ የሚሠራው ጌም ጀርባው ላይ የላሊበላ ፎቶ የተለጠፈበት ተራ የሩጫ ጨዋታ ሆኖ ሲገኝ ያናድዳል። ከተረቱ መወሰድ ያለበት አሠራሩ ነበር።) አዝማሪ ቤትም እንዲሁ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበላል፤ አንዳንዴ መልሶ እንግዳውን ራሱን ይወጋበታል፤ ብሩም እዚያው ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ጸሐፊውና ተከፋዩ አንድ ሰው የሆነበት በይነተገናኝ ጥበብ ይሏል ይህ ነው።

ብቻውን ሠርቶ የተሳካለትን ለማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሉካስ ፖፕ አለ። በትልቅ ስቱዲዮ ይሠራ ነበር፤ ለቀቀ፤ በ2013 «ፔፐርስ ፕሊዝ»ን አወጣ። ተጫዋቹ የአንድ ምናባዊ አምባገነን አገር የድንበር ሠራተኛ ነው፤ ፓስፖርት ይቀበላል፣ ቀኑን፣ ማኅተሙን፣ ፎቶውን ያመሳክራል፣ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። ማታ የቤቱ ሒሳብ ይመጣል፤ ምግብ፣ ማሞቂያ፣ ለታመመ ልጅ መድኃኒት። የጎደለ ወረቀት ይዛ የምትለምን እናት ፊቱ ስትቆም ርኅራኄው ከደመወዙ ይቆረጣል። ረጅም ንግግር የለበትም፤ ታሪኩ በሙሉ በማኅተም ነው የሚነገረው። ፎርም ሞልቶ ከመስኮት መስኮት የተመላለሰ ኢትዮጵያዊ ይህን ጌም ለመረዳት መግቢያ አያስፈልገውም። ከአምስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ግን እንደ ፖፕ መሣሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ፕሮግራሙንም ብቻውን የሚችል ሰው ብርቅ ነው፤ እሱን አይቶ ደመወዝ መልቀቅ አይመከርም።

አብዛኛው የሙያው ሰው ተቀጣሪ ነው። ሁለት መጠሪያ አለ። ጌም ራይተር የሚባለው ንግግሩን፣ ደብዳቤውን፣ የዕቃውን መግለጫ ይጽፋል። ናሬቲቭ ዲዛይነር ደግሞ ታሪኩ በምን በኩል ወደ ተጫዋቹ እንደሚደርስ ይወስናል፤ የቱ በር እንደሚቆለፍ፣ ደብዳቤው የት እንደሚወድቅ፣ ጠላት ሳይዋጋ መቼ እንደሚሸሽ። ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ። ከፕሮግራመሮችና ከሠዓሊዎች ጋር ስብሰባ ይበዛል፤ የጻፉትን መሰረዝም ይበዛል፤ ቦታው ከተቆረጠ ታሪኩም አብሮ ይቆረጣል።

መሣሪያው ከሁሉ በላይ ኤክሴል ነው። አንድ ዓምድ የመስመሩ መለያ ቁጥር፣ አንዱ የተናጋሪው ስም፣ አንዱ ንግግሩ፣ አንዱ ለተዋናዩ ማስታወሻ («ሹክ እያለ፣ ፈርቶ»)፣ አንዱ ሣጥኑ የሚችለው የፊደል ብዛት። አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ በሙያው ቋንቋ «ባርክ» የሚባለው ነው፤ ገጸ ባሕርያት በአጋጣሚ የሚወረውሯቸው አጫጭር ንግግሮች። የሌሊት ዘበኛ ኮሽታ ሲሰማ ምን ይላል? ሃያ ዓይነት ይፈለጋል። «ማነው?» «ማነው እዚያ ጋ?» «ኧረ የሆነ ነገር ሰማሁ!» «ድመት ትሆናለች።» «ዛሬስ ጆሮዬን ምን ነካው?» «ውጣ ብያለሁ!» እያለ ይቀጥላል። ተጫዋቹ በአንድ ማታ አርባ ጊዜ ሊሰማው ስለሚችል ቀልድ አይመከርም፤ በሦስተኛው ያሰለቻል። አሥረኛው ላይ ቃል ያልቃል፤ ጸሐፊው የሚታወቀው ከዚያ በኋላ በሚያመጣው ነው።

በአማርኛ ሲሆን ፈረንጅ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ጣጣ ይመጣል። እንግሊዝኛ ተጫዋቹን ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ሕፃን በአንድ ቃል ይጠራዋል። እኛ ግን «በሩን ከፈትክ» ብለን ስንጽፍ ግማሹን ተጫዋች ከቤት አስወጥተናል። «ከፈትሽ»ም፣ «ከፈቱ»ም አለ፤ እያንዳንዱ ግስ ሦስት ጊዜ ይጻፋል ማለት ነው። መፍትሔ አለው። ባለታሪኳን ስም፣ ዕድሜና ጾታ ያላት ሰው አድርጎ መቁረጥ አንዱ ነው። ተጫዋቹን መጀመሪያ ላይ ጠይቆ እያንዳንዱን ግስ በሁኔታ ማሰር ሌላው ነው፤ ያደክማል፣ ለስህተትም ያጋልጣል። የእኔ ምርጫ በአንደኛ መደብ መጻፍ ነው፤ «በሩን እከፍታለሁ»፣ «ዝም ብዬ አልፋለሁ»። ግሱ ጾታ አይለይም፤ ምርጫውም የተጫዋቹ የራሱ ሐሳብ ሆኖ ይነበባል። ይኸው ጣጣ ግን ጥቅምም አለው። አለቃው እስከ ትናንት «እርስዎ» ሲል ቆይቶ ዛሬ «አንተ» ቢል፣ ወይም ያኮረፈች እህት በድንገት ወንድሟን «እርስዎ» ብትለው፣ ተጫዋቹ ምንም ማብራሪያ ሳያስፈልገው አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። የፈረንጅ ጸሐፊ ይህን ለማሳየት አንድ ትዕይንት ያወጣበታል።

ስለ ፊደሉ አንድ ቃል ብቻ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ወዲህ ጽሑፉ ራሱ ችግር የለበትም። ሆኖም ዩኒቲን በመሰለ የጌም መሥሪያ ውስጥ ፊደሉን የያዘ ፎንት አብሮ ካልተጫነ ስክሪኑ ላይ ባዶ አራት ማዕዘኖች ይደረደራሉ። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ ይገኛሉ።

ወደ ሙያው የሚያስገባው በር ጠባብ ቢሆንም መክፈቻው ርካሽ ነው። ትዋይን የተባለውን መጻፊያ ክሪስ ክሊማስ በ2009 አወጣው፤ በነፃ ነው፣ ፕሮግራም መጻፍ አይጠይቅም፣ በደካማ ላፕቶፕ ይሠራል። የእንግሊዙ ኢንክል ስቱዲዮም ለራሱ ሥራ የሠራውን ኢንክ የተባለ የተረክ መጻፊያ ቋንቋ በ2016 ለሁሉም ክፍት አደረገ። ጀማሪዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበትም አይጠፋም፤ የጽሑፍ ጌሞች ውድድር ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ግሎባል ጌም ጃም ከ2009 ወዲህ በዓለም ዙሪያ ሰዎችን ለአጭር ጊዜ ሰብስቦ አንድ ነገር ያስጨርሳቸዋል። ማስጨረሱ ነው ቁም ነገሩ። ቀጣሪ የሚያየው የሦስት መቶ ገጽ ዕቅድ ሳይሆን አሥራ አምስት ደቂቃ የሚጫወቱት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ነው። ሜግ ጃያንት ሕንድን መቼት ያደረገ «ሳምሳራ» የሚባል የጽሑፍ ጌም በኢንተርኔት ላይ ሠርታ ነበር። ኋላ በኢንክል የ«80 ዴይስ» ጸሐፊ ሆነች፤ የዡል ቬርንን ልቦለድ በተገዢዎቹ ከተሞች ዓይን ገልብጦ ያየውን ይህን ጌም በ2014 ታይም መጽሔት የዓመቱ ምርጥ አለው።

ሌላው በር ትርጉም ነው፤ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት በ1994 ሲመሠረት የሰው ጌም የሚያስመጣ ነጋዴ ነበር። በ1999 «ባልደርስ ጌት»ን ወደ ፖላንድኛ አስተርጉሞ፣ በአገሩ የታወቁ ተዋንያንን ድምፅ አስገብቶ፣ ሕገ ወጥ ቅጂ በሞላበት ገበያ ሸጠው። ሰው ጀግኖችን በራሱ ቋንቋ ሲነታረኩ ሰምቶ ገዛ። ከዚያ በተገኘው ገንዘብና ልምድ በ2007 የራሱን «ዘ ዊቸር» አወጣ። አማርኛ ለዓለም አቀፍ ኩባንያዎች እንደ ፖላንድኛ የሚያጓጓ ገበያ አይደለም፤ ይህን መሸፈን አይገባም። የጌም ንግግር የተረጎመ ሰው ግን መስመር በመስመር የሌላውን አሠራር ፈትቶ ማየቱ አይቀርም፤ ያን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላውቅም።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ያውንዴ ላይ ኪሮኦ ጌምስ መብራት እየጠፋበት፣ ከአገሩ ባለሀብቶችና በኢንተርኔት ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ በ2016 «ኦሪዮን»ን አውጥቷል፤ ከአፍሪካ አፈ ታሪክ የተቀዳ ሰፊ ዓለም ነው። አዲስ አበባ ያለው ቀነ ጌምስ በዶሮዋ የሩጫ ጌም «ኩኩሉ» እና በገበጣ ይታወቃል። ሩጫውም ገበጣውም የሚመሰገኑ ናቸው፤ ተረክ ግን ገና ነው። ታሪኩን በሌላ በኩል የጀመረው ብስራት ደበበ ነው። በ2018 የእሱ ኢታን ኮሚክስ ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመ የኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል ኮሚክ ሲሆን፣ ገጸ ባሕርይና ዓለም ቀድሞ በወረቀት ላይ አቁሞ መብቱን መያዝ እንዴት እንደሆነ ያሳያል። ለጌም የሚያስፈልገው ካፒታል እስኪገኝ ዓለሙ አይጠፋም።

ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን የሚገርመኝ ማንም ተረክ ብሎ የማይጠራው ሥራ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 ወደ ጀመረው 8028 የስልክ መስመር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ደውለዋል። ገበሬው ቋንቋውን ይመርጣል፤ ሰብሉን ይመርጣል፤ ስለ መሬት ዝግጅት ወይስ ስለ ማዳበሪያ መሆኑን ይመርጣል። ከፍ ባለ ድምፅ የሚነበብ፣ በቁጥር የሚከፈል፣ የደዋዩን ትዕግሥት የሚለካ ጽሑፍ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጽፎታል፤ የት ላይ ሰው ስልኩን እንደሚዘጋ አስቦ፣ አማራጩን ሳያበዛ። የባንክና የቴሌ ጥሪ ማዕከሎች፣ የቴሌግራም ቦቶች ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ቴሌግራም በተለይ ለአማርኛ ጸሐፊ የተመቸ ነው። ቦት መክፈት በነፃ ነው፤ ፊደሉ ይሠራል፤ አንባቢው ሌላ ነገር ማውረድ ሳያስፈልገው ሁለት አዝራር እየነካ ታሪኩን ይከተላል። የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ላይ አንድ ጌም ለማስቀመጥ 100 ዶላር ይጠየቃል፤ ከሽያጩም በተለምዶ 30 በመቶ ይቆረጣል። ለመጀመሪያ ሥራ ይህን መክፈል ግድ አይደለም።

አሁን ወደ ገበያው። ቴልቴል የተባለው የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ በ2012 «ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን ሲያወጣ ተረክ ብቻውን ጌም እንደሚሸጥ አሳየ፤ ምርጫ ላይ የተመሠረተ ታሪክ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት እሱን ነው። በመስከረም 2018 በአንድ ቀን ከ200 በላይ ሠራተኛ ያለ ስንብት ክፍያ ተሰናበተ። ያ እንደ አንድ ኩባንያ ውድቀት ታየ። በ2023 ግን በዘርፉ በዓለም ዙሪያ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ከሥራ እንደወጣ ተገመተ፤ በጥር 2024 ማይክሮሶፍት ብቻውን ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው ቀነሰ። በኮሮና ጊዜ ሰው ቤት ተቀምጦ ሲጫወት ኩባንያዎች ያለ ልክ ቀጠሩ፣ ስቱዲዮ ገዙ፤ ወለድ ሲወደድና ገበያው ወደ ቦታው ሲመለስ ሒሳቡ በሠራተኛው ላይ ተወራረደ።

በዚያው መሐል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገባ። ዩቢሶፍት በመጋቢት 2023 ጎስትራይተር የተባለ መሣሪያ አስተዋወቀ፤ ሥራው የባርክ ረቂቅ ማመንጨት ነው። ያ የሌሊት ዘበኛ ሃያ ንግግር ማለት ነው። ኩባንያው ጸሐፊውን ከአሰልቺ ሥራ ለማሳረፍ ነው አለ። አሰልቺነቱ እውነት ነው፤ ግን አዲስ ገቢ እጁን ያፍታታበት የነበረውም እሱ ነው። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር በሐምሌ 2024 በጌም ኩባንያዎች ላይ የሥራ ማቆም አድማ መትቶ አሥራ አንድ ወር ገደማ የቆየው በዋናነት ድምፅና እንቅስቃሴያቸው በማሽን እንዳይተካ ነበር። አብዛኞቹ የጌም ጸሐፍት ግን እንዲህ የሚያድምላቸው ማኅበር የላቸውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሙያተኛን ዕድል የሚወስነው ሥራው የማን ነው የሚለው ነው። ሮበርት ኩርቪትዝ የኢስቶኒያ ሰው ነው፤ አገሩ ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ናት። ከጓደኞቹ ጋር ለዓመታት በጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ ሲጫወቱ የፈጠሩት አንድ ዓለም ነበራቸው። በ2013 በዚያ ዓለም ላይ የተመሠረተ ልቦለድ በኢስቶኒያኛ አሳተመ፤ የተሸጠው ወደ አንድ ሺህ ቅጂ ነው። አዝኖ ይሆናል፤ ዓለሙን ግን አልጣለውም። በጥቅምት 2019 ያው ዓለም «ዲስኮ ኤሊሲየም» ሆኖ በእንግሊዝኛ ወጣ፤ ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ የተጻፈበት፣ ውጊያ የሌለው፣ የሰከረ መርማሪ ከራሱ ሐሳቦች ጋር የሚሟገትበት ጌም። በዚያው ዓመት በጌም አዋርድስ አራት ሽልማት ወሰደ፤ ቀጥሎም የብሪታንያውን የባፍታ የተረክ ሽልማት አገኘ። በትንሽ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ታሪክ የለም።

ቀጣዩን ክፍል ግን መዝለል አይቻልም። በ2022 ኩርቪትዝና ጌሙን አብረውት የሠሩ ሁለት ባልደረቦቹ ከስቱዲዮው መውጣታቸው ተሰማ። እነሱ ኩባንያው በማታለል ከእጃችን ወጣ አሉ፤ ኩባንያው በበኩሉ የተባረሩት በሥነ ምግባር ጉድለት ነው አለ፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ማን እውነት እንደያዘ ከውጭ ሆኖ መፍረድ ይከብዳል። ከውጭ ሆኖ የሚታየው ነገር ግን አለ፤ ስሙም፣ ከተማውም፣ መርማሪውም ከኩባንያው ጋር ቀሩ። በ2024 ከዚያ ቡድንና ከአካባቢው የወጡ ሰዎች በየፊናቸው አዳዲስ ስቱዲዮዎችን ሲያስታውቁ አንዳቸውም ያን ዓለም በስሙ ሊጠሩት አልቻሉም።

የአንድዤይ ሳፕኮቭስኪ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። የ«ዊቸር» ልቦለዶች ደራሲ ለጌሙ መብቱን ሲሸጥ በፐርሰንት ከመቀበል በአንድ ጊዜ ክፍያ ጥቂት አሥር ሺዎች የፖላንድ ዝሎቲ መውሰድን መረጠ፤ ጌም ይሸጣል ብሎ አላመነም። ጌሙ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በ2018 ጠበቆቹ 60 ሚሊዮን ዝሎቲ ጠየቁ፤ በ2019 መጨረሻ ከሲዲ ፕሮጄክት ጋር አዲስ ስምምነት ተፈራረመ። ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ያውም የፖላንድ የቅጂ መብት ሕግ ደግፎት ነው።

በእኛ አገር ሕጉ ከማን ጋር ይቆማል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ተቀጥሮ ወይም በውል ታዝዞ የተሠራን ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለአሠሪው ወይም ላሠራው ይሰጣል። ደራሲው ደራሲነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብቱ አብሮት ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ ዛሬ ለበይነተገናኝ ሥራ የሚከፍሉት በአብዛኛው የእርዳታ ድርጅቶች፣ የማስታወቂያ ድርጅቶችና ባንኮች ናቸው፤ ለጤና ትምህርት የሚሆን የቴሌግራም ታሪክ፣ ለልጆች ቁጠባ የሚያስተምር ጌም ያሠራሉ። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የድርጅቱ የቆየ የአማካሪ ውል ነው፤ ለጥናት ሪፖርት የተጻፈ፣ «ማንኛውም ውጤት የአሠሪው ይሆናል» የሚል። ሪፖርት ላይ ይህ ምንም አይጎዳም። ጸሐፊዋ ከዓመታት በፊት በማስታወሻ ደብተሯ የጀመረቻትን ባለታሪክ ግን አብሮ ይወስዳታል። «ሌላ ስምምነት» ማለት እዚያው ውል ላይ የሚጨመሩ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ገጸ ባሕርያቱንና ዓለሙን ጸሐፊዋ በሌላ ሥራ መጠቀም ትችላለች፤ ስሟ በሥራው ላይ ይጻፋል፤ ለቀጣይ ሥራ መፈለጊያ ልታሳየው ይፈቀድላታል። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ለሦስት ዓመት ሠርቶ በሚስጥር ውል ታስሮ ለሚቀጥለው ቀጣሪ የሚያሳየው አንድ ስክሪን ያጣ የጌም ጸሐፊ በየአገሩ አለ። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች የሚጠየቁትም ቅድመ ክፍያው ሳይገባ፣ ረቂቁ በኢሜይል ተልኮ «አስተያየት ካለዎት» በተባለበት ሳምንት ነው።